ዕውቅና ሲታደስ የአዲስ ተማሪው ዕጣም ይጠየቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ከተነገረበት ቀን ጀምሮ ቤቴ እንግዳ አያጣም፤ ወላጅ ልጁን ይዞ ይመጣና «የትኛው ኮሌጅ ይሻላል? ዕውቅና ያለው የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ለብዙ ዓመት መልሴ አጭር ነበር፤ የዕውቅና ፈቃዱ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ካያችሁ አስመዝግቡ እላቸው ነበር። ይህ ምክር ግማሽ ምክር መሆኑ የገባኝ ነገሩ በገዛ እህቴ ልጅ ላይ ሲደርስ ነው። ያየሁትን ለአንባቢዎቻችሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን ፈቃድ ለሚሰጡና ለሚያድሱ ኃላፊዎች ለማካፈል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ልጅቱ ያደገችው ዳባት ገጠር ነው። የማለፊያ ውጤት ብታመጣም የተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ስለነበረና አባቷ የመንገዱን ነገር ስለፈራ፣ አንድ ወይፈን ሸጦ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ጎንደር በግል ኮሌጅ አካውንቲንግ እንድትማር ወሰነ። አብሬው ሄጄ ወረቀቱን አየሁ። ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማኅተም አለበት፣ አካውንቲንግ የሚል ቃል አለበት፤ በቃኝ። ያላነበብሁት ከታች በኩል የተጻፈውን የካምፓስ ስም ነበር። ፈቃዱ የተሰጠው ተቋሙ ሌላ ከተማ ውስጥ ላለው ቅርንጫፍ ሲሆን፣ የጎንደሩ ገና «በሂደት ላይ» ኖሯል። አንድ መንፈቅ ከተማሩ በኋላ ተማሪዎቹ ወይ ወደዚያ ከተማ ተዛወሩ ወይ ጠብቁ ተባሉ። የከፈልነው ብር አልተመለሰም፣ ዓመቱም ባከነ። አባቷ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ አንባቢ አስቀድሞ ይህን ይወቅልኝ። በአገራችን የዕውቅና ፈቃድ ለኮሌጁ ስም በጅምላ የሚሰጥ ቡራኬ አይደለም። ፈቃዱ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ የትምህርት ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃና የማስተማሪያ ዘዴ ተለይቶ ነው። በመደበኛ የተፈቀደው በርቀት ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ አዲስ አበባ የተፈቀደውም እዚህ ጎንደር አዘዞ ላይ አያገለግልም። የጊዜ ገደብም አለው። ይህን ሥራ ቀድሞ ይሠራ የነበረው በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ሲሆን፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተረክቦታል። ባለሥልጣኑ በቅርብ ዓመታት የግል ተቋማትን ሁሉ በዳግም ምዝገባ እንዲያልፉ ማድረጉን፣ ብዙ ጩኸት ቢያስነሣም፣ እኔ ደግፌዋለሁ፤ ያም ባይሆን ኖሮ እንደኛ ያለው ቤተሰብ ቁጥር ይበዛ ነበር።

የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ልጅቱን ሌላ ኮሌጅ አስገባናት። በዚህኛው ወረቀቱን ፊደል በፊደል ነው ያነበብሁት፤ ካምፓሱ፣ ፕሮግራሙ፣ ቀኑ ሁሉም ልክ ነበር። ሕንፃው ጥሩ ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍት አሉት፣ መምህራኑም የሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው ናቸው። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያውን መንፈቅ ከ4.00 በ1.40 ነጥብ ጨረሰች። እኔ ያስተማርኋት ልጅ አይደለችም እንዳልል ክረምት ክረምት እኔው ጋ ሒሳብ ትማር ነበር፤ ሰነፍ እንዳልሆነች አውቃለሁ።

ነገሩ የተገለጠው ለጥምቀት ዘመድ አዝማድ ቤታችን በተሰበሰበበት ዕለት፣ ለባለቤቴ ጓዳ ውስጥ አልቅሳ ስትነግራት ነው። ለአዲስ ተማሪዎች የተደረገው ገለጻ አንድ ረፋድ ብቻ የፈጀ ሲሆን፣ የተነገራቸውም ስለ ክፍያ ቀንና ስለ አለባበስ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ማስታወቂያ የሚወጣው በቴሌግራም ነው። እሷ የያዘችው የቁልፍ ስልክ ነው። የአንድ ኮርስ የሚድ ፈተና ቀን ሲቀየር ሳትሰማ ቀረች፤ ከቀረችም በኋላ ማመልከቻ ጽፎ ሌላ ፈተና መጠየቅ እንደሚቻል የነገራት አልነበረም። አማካሪ መምህር ተመድቦላት እንደነበረ ያወቅነው እኔና እሷ አብረን ሬጅስትራር ቢሮ በሄድንበት ቀን ከፎርሙ ላይ ነው። መምህሩን አግኝተን ስናነጋግረው ጨዋ ሰው ነው፤ እሱም ስንት ተማሪ እንደተሰጠው አያውቅም። «ለምን አልጠየቅሽም?» ብላት፣ «ጋሼ፣ ማንን እንደምጠይቅ ብቻ ሳይሆን ምን ብዬ እንደምጠይቅም አላውቅም ነበር» አለችኝ።

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አሰብሁበት። ከገጠር የመጣ ልጅ ክሬዲት አወር (የአንድ ኮርስ ክብደት የሚለካበት ቁጥር) ምን እንደሆነ ሳያውቅ ስለ ክሬዲት አወር እንዴት ይጠይቃል? አሥራ ሁለት ዓመት ሲማር የኖረው ውጤት ከመቶ ተደምሮ፣ ተካፍሎ፣ ደረጃ በሚወጣበት ሥርዓት ነው። ኮሌጅ ሲገባ ባለ ሦስት ክሬዲቱ ኮርስ ከባለ ሁለቱ ይልቅ ነጥቡን እንደሚጎትት፣ ከመንፈቁ የተገኘው ነጥብ ተከትሎት እንደሚሄድ የሚያስረዳው የለም። እኔ የሒሳብ መምህር በመሆኔ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁላት። በ18 ክሬዲት 1.40 ያመጣ ተማሪ፣ በሚቀጥለው መንፈቅ ሌላ 18 ክሬዲት ይዞ የሁለቱን መንፈቅ አማካይ ነጥብ ለምረቃ ወደሚያስፈልገው 2.00 ለማድረስ 2.60 ማምጣት አለበት። ይኸውም መጀመሪያ ካመጣው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ስሕተት እንደ ብድር ወለድ ይዞ የሚሄድ መሆኑን ይህች ስሌት ታሳያለች፤ ግን የሚያሳያት ሰው ከፈተናው በኋላ ሳይሆን ከፈተናው በፊት ነበር የሚያስፈልጋት።

ቋንቋውም ሌላ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው ይባላል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር እኛ መምህራን ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ እየጻፍን በአማርኛ ነው የምናስረዳው። ተማሪው ሌክቸር የሚባለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ አሥር ደቂቃ ተከትሎ ከዚያ ይጠፋዋል። ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚባለው የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርስ ብዙ ልጅ የሚያስለቅሰው ትምህርቱ ረቂቅ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ የቃላቱ ክብደት ሐሳቡ ላይ ከመድረሱ በፊት ስለሚያደክመው ይመስለኛል።

በርካታ የኮሌጅ ኃላፊዎች ይህ ሲነሣላቸው «ችግሩ ከእናንተ ከሁለተኛ ደረጃዎቹ ነው የመጣው» ይላሉ። አልክድም። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሱ። እነዚህ ልጆች በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው፣ ከዚያም በክልላችን ጦርነትና አለመረጋጋት መካከል የተማሩ፣ አንዳንዶቹም ለወራት ያልተማሩ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የሬሚዲያል (የማካካሻ) ትምህርትም የተወሰነውን ጎዶሎ ለመሙላት የተደረገ ጥረት ነው። ሆኖም ጎዶሎው የታወቀ ከሆነ ዘንድ ክፍያ ተቀብሎ የሚያስገባው ተቋም ልጁ ምን ይዞ እንደሚመጣ እያወቀ ነው የሚያስገባው። ተቀባዩ ዕቃውን መዝኖ ከተረከበ በኋላ ጎደለ ብሎ ላኪውን ብቻ መውቀስ አይችልም።

መንግሥት የተቋማትን ጥራት ለመለካት ያመጣው ትልቁ መሣሪያ የመውጫ ፈተና ነው። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ግን ያለፉት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸው ይታወሳል። ፈተናው መጀመሩ ተገቢ ነው። ግን ምን እንደሚለካ እንመልከት። የሚለካው አራት ዓመት ከተከፈለ በኋላ፣ እስከ መጨረሻው የዘለቁትን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሻንጣውን ይዞ ወደ ዳባት፣ ወደ ቆላድባ፣ ወደ ደባርቅ የተመለሰው ልጅ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም፤ መውጫው ጋ ያልደረሰ ሰው መውጫ ፈተና አይወድቅም። እንዲህ ባለው አቆጣጠር አንድ ኮሌጅ መቶ ተማሪ አስገብቶ ስድሳው ቢበተኑበት፣ ከቀሩት አርባ ሠላሳው ካለፉለት «75 በመቶ አሳለፍሁ» ብሎ በከተማው ባነር መስቀል ይችላል። የስድሳው ወላጆች ወይፈን የት እንደገባ የሚጠይቅ መዝገብ ግን የለም።

መግቢያው ላይ ብሔራዊው ፈተና አለ፣ መውጫው ላይ የመውጫ ፈተናው አለ፤ ዕውቅና ሲሰጥ ደግሞ ክፍሎች፣ ላቦራቶሪዎች፣ መጻሕፍትና የመምህራን ማስረጃ ይቆጠራሉ። በመካከሉ ያለው፣ ልጁ ከጥቅምት እስከ የካቲት ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ነገር ሳይታይ ያልፋል።

ጎንደሬ ሆኜ ይህን ስጽፍ የአብነት ትምህርት ቤቱን ሥርዓት አለማስታወስ አልችልም። አባቶቻችን ዕውቅና የሚለውን ቃል ባይጠቀሙም ነገሩን አሳምረው ያውቁት ነበር። የድጓ ተማሪ ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ተማሪ ዙር አባ፣ የአቋቋም ተማሪ ደግሞ ጎንደር ወርዶ ካላስመሰከረ ሙሉ መምህር አይባልም። ምስክር ቤቱ የታወቀ ነው፣ በመንገድ የሚገኝ አይደለም። ይህ የመውጫው በኩል ሲሆን፣ የመግቢያው በኩል እንዲያውም ይበልጣል። ከሩቅ አገር የመጣ አዲስ ተማሪ ከነባር ተማሪ ጋር ጎጆ ይጋራል፤ ውሃው የት እንደሚቀዳ፣ በየትኛው መንደር ውሻ እንዳለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እንዴት እንደሚባል እንኳ የሚያለማምደው ነባሩ ነው። የኔታ ዘንድ ከመቅረቡ በፊትም ቀለሙን የሚያስጠናው ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ነው። የኔታ አንድ ሰው ሆነው ያን ሁሉ ተማሪ ይይዙ የነበረው በዚህ ዘዴ ነው። እርግጥ ነው፣ በዚያም ሥርዓት በረሃብም በበሽታም የሚቀር ተማሪ ብዙ ነበር፤ ያለፈውን ሁሉ ለማወደስ አይደለም ያነሣሁት። አዲስ ሰው ብቻውን አይጀምርም የሚለው ሐሳብ ከውጭ አገር የምንቀዳው አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

በዘመናዊውም ቢሆን እዚሁ ከተማችን ውስጥ የሚጠቀስ ሥራ አለ። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ነዋሪዎች ጋር በጀመረው የቃል ኪዳን ቤተሰብ ፕሮጀክት፣ ከየክልሉ የሚመጡ ተማሪዎችን ከጎንደር ቤተሰቦች ጋር ያስተሳስራል። ልጁ በዓል ሲሆን የሚሄድበት ቤት፣ ሲታመም የሚደውልለት ሰው ያገኛል። እኛ ጎንደሬዎች እንግዳ ተቀባይ ነን ብለን እንናገራለን፤ ለተማሪ ቤት ስናከራይ የምንጠይቀውን ዋጋ ሳይ ግን አንዳንድ ጊዜ አፍራለሁ፤ ይህ ፕሮጀክት የከተማውን ስም ያድሳል። በግል ኮሌጅ የሚማረው ልጅ ግን ዶርምም ካፌም የለውም፤ ማታ የሚማረው ቀን ሱቅ ሲጠብቅ ወይም ባጃጅ ሲነዳ ውሎ የሚመጣ ነው። ከሁሉ ይልቅ ቤተሰብ የሚያስፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ የሚያስታውሰው የለም።

የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ ኮሌጆቹ አይችሉም ብዬ ዝም እል ነበር። ከእህቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን ምን ቢደረግልሽ ኖሮ አትወድቂም ነበር ብዬ ስጠይቃት የዘረዘረችልኝ ነገር እኔኑ አስገርሞኛል። የፈተና ቀን በቴሌግራም ብቻ ሳይሆን በሰሌዳም ቢለጠፍ፤ ከገለጻው ቀን በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማለትም ግራ መጋባቱ በሚጀምርበት ጊዜ፣ ሁለተኛ ገለጻ ቢኖር፤ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ለአምስት አዲሶች ቢመደብና ስልኩን ቢሰጣቸው፤ አማካሪ መምህሩ ተማሪ እስኪመጣለት ከመጠበቅ ይልቅ ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡትን በስም ቢጠራቸው። አንድም የላቦራቶሪ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት የቀረ ተማሪ ካለ ወላጁ ጋ አንድ ስልክ መደወል ከዚህ ያነሰ ነው፤ ክፍያ ሲዘገይ እኮ በማግስቱ ይደውላሉ።

እንግዲህ ለባለሥልጣኑ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ፈቃድ ሲታደስ ኮሌጁ በእያንዳንዱ ፕሮግራም ያስመዘገባቸውን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ቁጥር፣ ከእነርሱም ስንቱ ሁለተኛውን መንፈቅ እንደጀመሩ፣ ስንቱ ሁለተኛ ዓመት እንደገቡ፣ ያቋረጡትም በምን ምክንያት እንዳቋረጡ እንዲያቀርብ ይገደድ፤ ቁጥሩም ከፈቃዱ ጋር አብሮ ለሕዝብ ይገለጽ። ወላጅ ግድግዳ ላይ የሚያነበው ወረቀት ፕሮግራሙንና ካምፓሱን ብቻ ሳይሆን፣ አምና ከገቡት ከመቶ ስንቱ ዘንድሮ እንዳሉም ይንገረው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ከዚህ ውጭ መሆን የለባቸውም። ዩኒቨርሲቲዎቹ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የሚቋቋሙ በመሆናቸው ለረጅም ዘመን የዕውቅና ፈቃድ ጥያቄ ሲነሣ የሚነሡት የግሎቹ ብቻ ነበሩ፤ በመጀመሪያ ዓመት የሚባረር ልጅ ግን በሁለቱም ዘንድ አለ።

ይህን ሐሳብ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳነሣ አንዱ «ታዲያ ኮሌጆቹ ቁጥራቸው እንዲያምር ያልቻለውንም ማሳለፍ ይጀምራሉ» አለኝ። ትክክለኛ ሥጋት ነው፤ ያለ አግባብ ውጤት ማደል በአገራችን ያልታየ ነገር አይደለም። ነገር ግን የመውጫ ፈተናው አሁን አለ። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም አሳልፎ በመጨረሻው ዓመት ሁሉንም የሚጥል ኮሌጅ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ራሱ ይጋለጣል። አንዱ ቁጥር ብቻውን ሊዋሽ ይችላል፤ ሁለቱን አስማምቶ መዋሸት ግን ከባድ ነው። እስከዚያው ድረስ እኛም የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ድርሻ አለን። እኔ ዘንድሮ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር ከፈተናው በፊት ባሉት ሳምንታት ሁለት ክፍለ ጊዜ ወስጄ ክሬዲት አወር እንዴት እንደሚሰላ፣ ሲላበስ (የኮርሱ ዝርዝር ዕቅድ) ምን እንደሆነ፣ አድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መተው) እስከ መቼ እንደሚፈቀድ አስተምሬአለሁ። በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ርእሰ መምህሩም ምን እየሠራህ ነው ብሎ ጠይቆኛል፤ ሲሰማ ግን ለሌሎቹም ክፍሎች እንድደግመው ነገረኝ።

በመጨረሻ ለእናንተው ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። በየዓመቱ መስከረምና ጥቅምት ላይ የጋዜጦች ገጽ በኮሌጅ ማስታወቂያ ይሞላል፤ «ሙሉ ዕውቅና ያለን» የሚል ቃል በትልቁ፣ የስልክ ቁጥር በትልቁ፣ ካምፓሱ ግን ብዙ ጊዜ የትም አይገኝም። የዕውቅና ፈቃዱን ቁጥር፣ የተፈቀደለትን ፕሮግራምና ካምፓስ፣ ፈቃዱ የሚያበቃበትንም ቀን ያልጻፈ ማስታወቂያ ጋዜጣችሁ እንዳይቀበል እጠይቃለሁ። ገቢ እንደሚያስቀርባችሁ አውቃለሁ። የእህቴ ባል የመጀመሪያውን ኮሌጅ ስም ያየው አንድ ሰው ስኳር ጠቅልሎ በሰጠው የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነበር፤ ቁራጩን እስከ ዛሬ ድረስ ከሽያጩ ደረሰኝ ጋር አስቀምጦታል።

ከአክብሮት ጋር፤
የሒሳብ መምህር፣ ከጎንደር
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ብቻ እንዲታወቅ)